ባለ ጥርሱ፣ ባለ ቀበቶውና ቀጥተኛው

ሰውን የረሱ ሰዎች ይቅርታ አይጠይቁም፤ የተረሳው ሰው ራሱ እንዲረሳው ነው የሚፈልጉት። አውቶቡስ ነጂው ግን አልረሳም።

ዕድሜውን ረጅም መንገድ ላይ የጨረሰ ሰው ነው፤ ወገቡ አልታዘዝ ሲለው ነው ቁልፍ ያስረከበው። አንድ ጊዜ እሱ መንገድ ላይ ሳለ ዘመድ አዝማዱ ተሰብስቦ የቤተሰብ ማኅበሩን መሪ መረጠ። ማን ከማን ይታረቅ፣ የታመመውን ማን ይጠይቅ፣ ሠርግ ላይ ማን ይናገር የሚለውን የሚወስን ሰው ማለት ነው። ታላቅ ወንድም እሱ ሆኖ ሳለ የእህቱን ባል፣ ባለ መድኃኒት ቤቱን መረጡት። መቼም የተማረ ሰው ባለበት ሹፌር ማን ያስታውሳል። ነጂው ሲመለስ ጭብጨባው አልቆ፣ ብርጭቆው ታጥቦ ደረሰ። "ብንጠብቅህ ጥሩ ነበር" አሉት። ካለፈ በኋላ እንዲህ ማለት ማንን ያቅተዋል።

ከዚያ ወዲህ እህቱ ቤት ገብቶ እህል ቀምሶ አያውቅም። በር ላይ ቆሞ ሰላም ይላል፣ የሁሉንም ጤና ይጠይቃል፣ ዞሮ ይሄዳል። በሌለበት "አቶ ኩርፊያ" ይሉታል። የሚሰማ አይመስላቸውም።

የእህቱ ልጅ ሆስፒታል ውስጥ ራጅ የምታነሳ ወጣት ናት። ቀኑን ሙሉ የሰው አጥንት ስታይ ትውልና ማታ ቤት ገብታ ቴሌቪዥን ላይ መኪና ታሽቀዳድማለች። እስከ አሁን የምትነዳው በሁለት አውራ ጣቶቿ፣ መዳፍ በምታህል መቆጣጠሪያ ነበር። አሁን ግን እውነተኛ መሪ ልትገዛ ቆርጣለች፤ ሆዱ ውስጥ ሞተር ያለው፣ መኪናው ኮረት ሲረግጥ እጅ የሚያንቀጠቅጥ፣ ኩርባ ላይ ሲያጥፉት እንቢ ብሎ መልሶ የሚጎትት ዓይነት። የሚቀመጠው ሳሎን፣ የሁሉም ዓይንና ጆሮ ባለበት ስለሆነ እናቷ "ሁላችንም አይተን ነው የሚገባው" አለች። ልጅቷም ለአጎቷ ደወለች።

"ጋሼ፣ ቅዳሜ መሪ ልንመርጥ ነው። አንተ ሳትኖር አይሆንም። መጥቼ እወስድሃለሁ።"

ከኋላዋ በሽተኛ ይጠራት ስለነበር ይህን ብላ ዘጋች።

ዕድሜ ልኩን መሪ ጨብጦ የኖረ ሰው፣ መሪ ሲሉት የሚታየው ያ ክቡ ነገር መሆን ነበረበት። ለእሱ ግን የታየው የማኅበሩ ወንበር ነው። ቂም እንዲህ ነው፤ ጆሮ ላይ ቁጭ ብሎ የሚያልፈውን ቃል ሁሉ ወደ ራሱ ይጎትታል። በዚያ ላይ ባለ መድኃኒት ቤቱ ሰሞኑን ባገኘው ቦታ ሁሉ "እኔ ደክሞኛል፣ ሌላ ሰው ይረከበኝ" ሲል ከርሟል። ነጂው ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ለራሱ "አንተ ሳትኖር አይሆንም" አለ። ደግሞ ደገመው። ሲናገሩት የሚጣፍጥ ቃል ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ሙሉ ልብሱን አውጥቶ ተኮሰ። ጫማውን ፊት እስኪያሳይ ወለወለ። መስተዋት ፊት ቆሞ፣ ስንት ጊዜ በልቡ ያረመውን ንግግር አለማመደ፤ ለእህቱ ባል የምትሆነዋን ቦታ ትንሽ ጨው ጨመረባት።

የእህቱ ልጅ በር ላይ ስታየው አፏን ያዘች።

"ጋሼ፣ ሠርግ አለብህ እንዴ?"

"ለቁም ነገር እንዲህ ነው የሚለበሰው።"

"ቁም ነገር ካልክስ ልክ ነህ" ብላ መኪናዋን አስነሳች።

ትንሽ እንደሄዱ ጉሮሮውን ጠራርጎ "ለመሆኑ እነማን ቀረቡ?" አላት።

"ብዙ አይተን ሦስት ነው የቀሩት። አንደኛው ባለ ጥርስ ነው።"

ነጂው ወዲያው አወቀው። የአክስቱ ልጅ ነው፣ ሥጋ ሻጩ፤ ጥርሱ ከራሱ ቀድሞ ቤት የሚገባው።

"እሱ ደግሞ ምን ይረባል?"

"ጠንካራ ነው፣ አይሰበርም። ግን ይንኳኳል። ሥራ ከጀመረ ጎረቤት ሁሉ ይሰማዋል።"

"እውነትሽን ነው። ሹክ ማለት አይችልም።"

"ሁለተኛው ባለ ቀበቶው ነው።"

እዚህ ላይ ቺንጋ ብትለው ኖሮ ነጂው ወዲያው ይነቃ ነበር። ሞተር የሚያውቅ ሰው የሞተሩን ማዞሪያ ጠፍር ቀበቶ አይልም፣ ቺንጋ ነው የሚለው፤ ቀበቶ ለሱሪ ነው። እሷ ግን ቃሉን ያገኘችው ከማስታወቂያ እንጂ ከጋራዥ አይደለም። የእህቱ ባል ደግሞ ቀበቶውን ከሆዱ በላይ፣ ብብቱ ሥር ሊደርስ ምንም ሳይቀረው የሚታጠቅ ሰው ነው።

"እሱን እናውቀዋለን" አለ ነጂው በመስኮት እያየ። "እሱስ ምኑ ይነገራል?"

"ለስላሳ ነው። ድምፁ አይሰማም። ግን ብዙ ካሠራኸው ይሞቃል፣ ይደክማል።"

"ደክሞኛል ሲል ሰምቻለሁ።"

ልጅቷ ቀልድ መስሏት ሳቀች። "ሦስተኛው ኃይለኛው ነው። ቀጥተኛ ይሉታል፤ በመሃል የሚያለዝበው ነገር የለም። ካልቻልክበት እጅ ይሰብራል። እኔ ልቤ እሱ ላይ ነው። እናቴ ግን 'ከባድ ነው፣ ቤቱ አይችለውም' ትላለች።"

ነጂው የኮቱን ኮሌታ አስተካከለ። ቀጥተኛ፣ የሚያለዝበው የሌለ፣ ቤቱ ያልቻለው። ይኸው በመጨረሻ አንድ ሰው አየው።

"እናትሽ ድሮም እንዲህ ናት" አለ ቀስ ብሎ። "አንቺስ ለምን ወደድሽው?"

"ጋሼ፣ ባዞሩት የሚዞር መሪ ምን ይሠራል? መልሶ የሚታገል ነው ጥሩ።"

"ይህን ቃል ከትልልቆቹ አንዱ እንኳ ተናግሮት አያውቅም።"

"ደግሞ እያንዳንዱን እየያዝን እንሞክራለን። ካልተስማማን መመለስ ይቻላል።"

"መመለስ ይቻላል?" ነጂው ወደ እሷ ዞረ። "ያኔ እንዲህ ያለ ደንብ ነበረ እንዴ?"

የደረሱት አንድ ፎቅ ላይ ነው። ነጂው ማኅበሩ አዳራሽ ተከራይቶ ይሆናል ብሎ ኮቱን ቆልፎ ገባ። እህቱ ቆማለች። ባሏ መሬት ሊነካ በደረሰ ወንበር ላይ እግሩን ዘርግቶ፣ ቀበቶውን አላልቶ ተቀምጧል። ሌሎቹ ቆመው እሱ ተቀምጦ ማየት ለነጂው በቃው። ከጠረጴዛ ኋላ ያለውን ሻጭ የስብሰባው ጸሐፊ አደረገና ሰላምታውን ሳይጨርስ ጀመረ።

"ከመምረጣችን በፊት አንድ ቃል አለኝ። ባለፈው ጊዜ መሪ ስትመርጡ እኔ መንገድ ላይ ነበርኩ። ማንም አልጠበቀኝም። ዛሬ ግን የመጣሁት ድምፄን ልሰጥ ብቻ አይደለም፤ የዚያን ቀኑ ምርጫ ትክክል እንዳልነበረ ልናገር ነው።"

ሻጩ በትሕትና ጎንበስ ብሎ ጠየቀ።

"ባለፈውም ከእኛ ነበር የገዙት?"

ያኔ ነው ነጂው ጠረጴዛውን ያየው። ሦስት መሪዎች ተደርድረዋል፤ ክብ፣ ጥቁር፣ በቆዳ የተሸፈኑ። አማቹ እጅ ውስጥ አራተኛ መሪ አለ፣ ለማሳያ የተተከለ። ግድግዳው ላይ በትልቅ ስክሪን መኪኖች ተሰልፈው ቆመዋል።

መጀመሪያ የገባት እህቱ ናት። ሳቋን ልትይዝ ሞከረች፣ አልሆነላትም፤ ግድግዳ ተደግፋ እየቆራረጠች ሳቋን ትለቀው ጀመር። ልጅቷ መኪና ውስጥ የተባባሉትን አንድ በአንድ ስታስታውስ ፊቷ ሲቀላ ታየ። ነጂው ወደ በሩ ዞረ። እጁ እጀታው ላይ ነበር። ያን በር ከፍቶ ቢወጣ ኖሮ ዳግመኛ የእነሱን ስልክ አያነሳም ነበር፤ እሱም ያውቀዋል፣ እነሱም።

"ጋሼ" አለች የእህቱ ልጅ ከኋላው። "የጠራሁህ ለመሪ ነው፤ አልዋሸሁህም። ከዚህ ቤተሰብ መሪ ይዞ ያረጀ አንተ ብቻ ነህ። ሳልጠይቅህ ብገዛው ደግሞ ለእሱም ሌላ ኩርፊያ ትጀምራለህ። ለአንዱ እንኳ ቦታ አጥተናል።"

አማቹ ከዚያ ዝቅተኛ ወንበር ሊነሳ እየታገለ "እኔን አንሡኝና እሱ ይቀመጥ" አለ። "ከዚህ በላይ በሥልጣን መቆየት አልችልም፣ እግሬ ደንዝዟል።"

ነጂው አልስቅም ብሎ ከንፈሩን ነከሰ። በአፍንጫው ግን አመለጠው። እጀታውን ለቀቀ፤ አማቹን ብብቱ ሥር ይዞ አነሣውና በቦታው ተቀመጠ።

ባለ ጥርሱን አስቀደሙለት። ሲያዞረው ሆዱ ውስጥ ያለው ጥርሳም መዘውር ጠጠር የሚያኝክ ይመስላል።

"ቁርጥ የአክስቴ ልጅ" አለ ነጂው።

"ምን አልክ?" አለች እህቱ።

"ምንም። ይሄ ይቅር፤ ሌሊት እሱን ስንሰማ ልናድር ነው።"

ቀጥሎ ቀጥተኛው መጣ። ነጂው ኮቱን አውልቆ ለሻጩ አስያዘ። በሥራ ዘመኑ አብረውት ለሠሩ ረዳቶች ሁሉ "አውራ ጣትህን ከመሪው ውስጥ አታግባ፣ ጎማ ድንጋይ ሲመታ መሪው አንተን ይመታል" እያለ ያስተምር የነበረ እሱ ነው። ዛሬ ግን ቴሌቪዥን ነው ብሎ ናቀው። የመጀመሪያው ኩርባ ላይ መኪናው ከአስፋልቱ ወጥቶ ድንጋይ ሲረግጥ መሪው ተፈናጥሮ ጣቱን አቀመሰው።

"ወይ ጣቴ" ብሎ አፉ ውስጥ ከተተው።

"ቅባት ነበረኝ" አለ አማቹ፣ "ሱቅ ረስቼው መጣሁ እንጂ።"

"አንተ መቼ ነው በሚያስፈልግበት ቦታ የተገኘኸው?"

"እኔን ስትመርጡኝ ተገኝቼ ነበር።"

ነጂው ጣቱ አፉ ውስጥ እንዳለ ሳቀ። ሳቁ ከሆዱ ነው የመጣው፤ ትከሻውን አነቃነቀው፣ ዓይኑን አስነባው። ቀጥተኛ፣ ኃይለኛ፣ የቀረበውን ሁሉ የሚመታ። መኪና ውስጥ እኔ ነኝ ብሎ የኮራበት ነገር አሁን ጣቱን አሳብጦታል፤ ለካ እንዲህ ነው የሚያመው።

ባለ ቀበቶውን ያዘ። መንገዱ ከእጁ ሥር ተሰማው። ኮረቱ እንደ ኮረት፣ ለስላሳው እንደ ለስላሳ፤ ኩርባው ላይ መሪው ይከብድና ቀጥ ሲል ቀስ ብሎ ወደ መሃል ይመለሳል። ወገቡ ከዚያ ትልቅ ወንበር ካወረደው ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር ጨብጦ አያውቅም። ሌሎቹ መኪኖች እያፏጩ አለፉት። እሱ ፍሬቻ ይፈልጋል።

"ጋሼ፣ ውድድር ነው እኮ፤ ፍሬቻ የለውም።"

"ታዲያ እንዴት ነው የሚተላለፉት? ባለጌዎች ናቸው።"

አንዱ መኪና ተገልብጦ ሲያይ ፍሬን ይዞ ጠርዝ ላይ ቆመ።

"ለምን ቆምክ?" አለ አማቹ።

"ሰው ይኖርበት ይሆናል።"

እህቱ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች፤ በሳቅ መቆም አቅቷት።

ከዚያ ክርክር ሆነ። ልጅቷ ቀጥተኛውን አለች፤ አባቷ ቁልፍ የበዛበትን አለ፤ እናቷ የማይጮኸውን አለች። ሻጩ ሁሉንም እሺ፣ እሺ ሲል ቆይቶ "ይቅርታ፣ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው ማነው?" ብሎ ጠየቀ።

ባለ መድኃኒት ቤቱ የማኅበሩ መሪ ነው፤ የቤቱም አባወራ። አፉን ሊከፍት ሲል ተወው። አገጩን ወደ ነጂው አቀና። እህቱም ወደ ወንድሟ ዞረች፤ ልጅቷም። ነጂው ስንት ዘመን የጠበቃት ቅጽበት እቺ ነበረች፤ ያለማመደው ንግግር ግን አንዲት ቃሉ እንኳ አልመጣለትም።

"ባለ ቺንጋው ይሁን" አለ። "ሁሉም ሰው ሊይዘው ይችላል። ይመልሳል ግን አያዋርድም። ሲሞቅ እናሳርፈዋለን።"

"ቀጥተኛውስ?" አለች የእህቱ ልጅ፣ ልቧ እዚያ እንደቀረ።

"እሱን ለብቻሽ ቤት ሲኖርሽ ትገዢዋለሽ። ሰው ብቻውን ካልሆነ አይያዝም።"

ካርቶኑን ነጂው ጭኑ ላይ ታቅፎ ሄደ። ከኋላ ይቀመጥ ቢሉት እንቢ አለ። እህቱ ቤት ሲደርሱ በር ላይ መቆሙን ረሳው፤ እጁ ሙሉ ስለነበር በእግሩ ገፍቶ ገባ። መሪው የሚታሰርበት ጠፍጣፋ ነገር ሲፈለግ የተገኘው የምግብ ጠረጴዛው ብቻ ነው። ነጂው ተንበርክኮ ብሎኑን አጠበቀ፣ አማቹ ባትሪ አበራለት፣ ስለ ብሎኑ ሁለት ጊዜ ተጣሉ። መሪው ጠረጴዛውን ስለያዘው ሁሉም ሳህኑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በላ፤ ነጂውም በላ፣ ጨመሩለትም አልተቃወመም።

ተራው የእህቱ ሆነ። በሕይወቷ መኪና ነድታ አታውቅም። መሪውን በሁለት እጇ አንቃ፣ እግሯን ቤንዚኑ ላይ ተክላ ተፈተለከች። የመጀመሪያውን አጥር ገጨች፣ መኪናው ወደ መጣበት ዞረ፣ እሷ ግን መዞሩን አላየችም፤ ቀጠለች። ከፊት ለፊቷ መኪኖች በየተራ ብቅ እያሉ በግራና በቀኝ ይበታተኑ ጀመር።

"ወንድም ዓለም" አለች ዓይኗን ሳትነቅል፣ "ለምንድነው ሁሉም ፊት ለፊቴ የሚመጡት?"

ነጂው ሊነግራት አፉን ከፈተ። ሳቁ አላስናገረውም። አማቹ ሶፋው ላይ ተገልብጧል፤ ልጅቷ ፊቷን በትራስ ሸፍናለች።

"አንቺ ብቻ ንጂ" አለ በመጨረሻ ዓይኑን እያበሰ። "እነሱ ይመለሱ።"