የግራው አየር መውጫ

«ልጅሽ መስኮቱን ከፍታ ብትነዳስ?» አለች ጎረቤት፣ ሻዩን ለእናትየዋ እያቀበለች።

«አቧራው ይጨርሳታል። ዘግታ ከነዳች ደግሞ ሙቀቱ ራሷን ያስታታል። ራሷን ሳተች ማለት ትራክተሩ ገደል ገባ ማለት ነው።»

«ኧረ አንቺ ሴት፣ ማሳው ሜዳ ነው። ገደሉን ከየት አመጣሽው?»

ለቅሶ ሊደርሱ የመጡት ሴቶች አፋቸውን በእጃቸው ጋርደው ፈገግ አሉ። እሷ ግን ሻዩን ሳትቀምስ ወለሉ ላይ አስቀመጠችው። ባሏን ከቀበሩ ሳምንት አልሞላም፤ ማሳው ደግሞ ዝናቡ ሳይቀድመው መታረስ አለበት። ትራክተሩን መንዳት የምትችል ሴት ልጇ ብቻ ናት፤ ከአባቷ በስተቀኝ እየተቀመጠች ነው የተማረችው። ዛሬ ጠዋት በእሱ ወንበር ሞክራው በላብ ተነክራ ተመለሰች። በነጂው በኩል፣ በግራ ያለው የኤሲ ቀዝቃዛ አየር መውጫ ትንፍሽ አይልም።

ነገሩ ለሁሉም እንግዳ ሆነባቸው። ሟቹ ያንን ኤሲ እንደ አራስ ነበር የሚንከባከበው። ቅዳሜ ቅዳሜ የአየር ማጣሪያውን ያወጣና ጎማው ላይ ቀስ አድርጎ ያራግፈዋል፤ ከዚያ ከውስጥ ወደ ውጭ በአየር ይነፋዋል።

«ከውጭ ከነፋሽው አቧራውን መልሰሽ ሰፋሽው ማለት ነው» ይላት ነበር ሚስቱን።

«እኔ የምፈራው አቧራውን አይደለም። ያ ብርድ ደረትህን ይመታሃል።»

«እሺ፣ የኔ ሐኪም።»

ትራክተሩ በተገዛ ሰሞን አንድ ቀን አሳለው። እሱ ምሳ ሲበላ ጋቢናው ላይ ወጥታ፣ ደረቱ ትይዩ ያለውን መውጫ በጨርቅ ወተፈችው። ማታ ይቆጣኛል ብላ ስትጠብቅ ምንም አላላትም። ወዲያው አውጥቶ ጥሎት ይሆናል ብላ ረሳችው።

ትራክተሩን ሲያይ የቆየው መካኒክ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባ።

«እትዬ፣ የኤሲው ጋዝ ደህና ነው። ማጣሪያውም የእሳቸው እጅ ያረፈበት ነው፣ ምን ይወጣለታል? መውጫው ውስጥ ግን ይህን አገኘሁ።»

የድሮ የኩሽና መጋረጃዋ ቁራጭ ነበር። ሰማያዊ አበባው ደብዝዟል።

«የሚገርመው አቧራ የለበትም» አለ። «ሰው እያጠበ ይመልሰው ነበር መሰለኝ።»

ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። የልብስ ሳሙና ሸተታት። ቅዳሜ ቅዳሜ ገመዱ ጫፍ ላይ የሚሰጣ አንድ ጨርቅ ነበር። ምንድን ነው ስትለው፣ «የመስታወት መጥረጊያ» ይላት ነበር። ያን ሁሉ በጋ በላብ ተጠምቆ ሲገባ፣ ላቡን የሥራ ላብ ነው ብላ ነበር የምታጥብለት።

ጨርቁን እንደያዘች ተነስታ ወጣች። ልጅቷ የትራክተሩን ሞተር አስነስታ ወንበሩ ላይ ተቀምጣለች።

«አሁን ነፈሰ እማ። እጅሽን አምጪ።»

የጋቢናውን መሰላል ተደግፋ ወጣችና እጇን ወደ መውጫው ዘረጋች። በረዶ ነው። ደግሞ ቀጥታ የልጇ ደረት ላይ።

ልጅቷ ጨርቁን አየች፣ የእናቷንም ፊት አየች።

«መልሺው በቃ። አባዬ ችሎት ኖሮ የለ?»

«እሱ ሙሉውን ቻለልኝ» አለች እናት። «አንቺ ግማሹን ቻይልኝ።»

ጨርቁን ከመሃሉ ቀደደችው። ግማሹን መውጫው ውስጥ ወተፈች፤ ግማሹን እጅጌዋ ውስጥ ከትታ፣ መሰላሉን በአንድ እጇ ይዛ ወረደች።