ጋራዡ የፈረሰበት ለቅሶ

«በለቅሶ መሀል ቤት ይፈርሳል?» አለች ሴትየዋ፣ ሻንጣዋን እንኳ ሳታስቀምጥ። ከሩቅ ከተማ የደረሰችው የአባቷ ቀብር ትናንት ካለፈ በኋላ ነው። ከጓሮ የመዶሻ ድምፅ ይሰማል።

«ለቀስተኛው በዛ። ወንበር መዘርጊያ ጠበበን» አለ ወንድሟ።

ሳሎን ካሉት ወንበሮች ግማሹ ባዶ ነበር።

ወደ ጓሮ ወጣች። ሁለት ሠራተኞች የጋራዡን ቆርቆሮ አንሥተው አንዱን ግድግዳ ጥለውታል። ውስጡ መኪና የለም። ጠባብ የሽቦ አልጋ፣ ፖፖና የአባቷ ክራንች አለ።

«እዚህ ነበር የሚተኛው?»

«እግሩ እምቢ ካለው ወዲህ። ደረጃ መውጣት አይችልም ነበር።»

«ይሄ ቤት ደረጃ አለው እንዴ?»

ወንድሟ ፊቱን ወደ ሠራተኞቹ አዞረ።

አባታቸው የሰው ትዳር ሲያስታርቅ የኖረ ሰው ነበር። ሳሎን ያሉት ለቀስተኞች አሁንም እሱን እያነሡ ነው፤ «አፉ ማር ነበር» ይላሉ። እሷ ገና በልጅነቷ፣ ሳታገባ ባረገዘች ጊዜም፣ አንድ ክፉ ቃል ከአፉ አልወጣም። መኪናውን ደጅ አውጥቶ እሷን ጋራዥ አስገባት፤ በቃ። ዝናብ በመጣ ቁጥር ለመኪናው ያዝን ነበር። ፅንሱ እዚያው ሲሚንቶው ላይ ወረደ። ያኔ ትንሽ ልጅ የነበረው ይኸው ወንድሟ ተደብቆ በመስኮት ዳቦ ሲያቀብላት አባቱ ደረሰበትና መስኮቱን በእጁ ላይ ዘጋው። ሁለቱ ጣቶቹ ዛሬም አይዘረጉም።

«ለአንቺ የበቃ ቤት ለእሱ ያንሰዋል?» አለ ወንድሟ።

«ለእኔ ብለህ ነው?»

«ታዲያ ለማን ብዬ ነው?»

«አድርግልኝ ብዬህ አውቃለሁ?»

«እሱም ለምን ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። ገብቶታል።» ድምፁ ወረደ። «ዝናብ ሲመጣ ብቻ የማድ ቤቱን በር ያንኳኳ ነበር።»

«ትከፍቱለት ነበር?»

«ቴሌቪዥኑን ከፍ እናደርገው ነበር።»

ሴትየዋ አልጋውን አየችው። ልቧ ደስ ይለው እንደሆን ጠበቀች። አላለውም።

«ይህን ያህል ከኮራህበት ለምን ታፈርሰዋለህ?»

«አክስታችን ከሰዓት ትገባለች።»

ከሰዓት አክስታቸው፣ የሟች ብቸኛ እህት፣ ከበር ጀምራ እየጮኸች ገባች። «ወንድሜን! የተኛበትን አሳዩኝ!» የሴትየዋ ወንድም ደግፎ ወደ ፊተኛው መኝታ ቤት ወሰዳት። አንሶላው አዲስ ነው። ሚስቱ በሩን ይዛ መሬት መሬት ታያለች።

አክስትየው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ ብርድ ልብሱን ሰብስባ አቀፈችና አሸተተችው። ደግማ አሸተተችው።

«ጠረኑ የለም» አለች፤ ለቅሶዋን አቋርጣ። «ምነው ልጆቼ፣ የወንድሜ ጠረን እኮ የለበትም።»

የሴትየዋ ወንድም አንገቱን ደፋ። ከጓሮ የመጨረሻው ግድግዳ ተናደ፤ የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ። አክስትየው ዓይኗን በሟች ወንድ ልጅ ላይ ተከለች።

«ታጥቦ ነው፣ አክስቴ» አለች ሴትየዋ።

ከዚያ አጠገቧ ቁጭ አለችና፣ ማንም ተኝቶበት የማያውቀውን ትራስ የሰው ራስ የሚያህል ጎድጓዳ እስኪሠራ ድረስ መሀሉን በመዳፏ ቀስ አድርጋ ተጫነችው።