ከበሮውን ጻፊልኝ

የኦርኬስትራው ኖታ ገልባጭ ከጠዋት ጀምሮ መቀመጫዋ እሾህ የተነጠፈበት ይመስል አንዴ ትነሣለች፣ አንዴ ትቀመጣለች። ልምምዱ ከሰዓት ነው፤ ኖታው ገና ከኮምፒውተሯ አልወጣም፤ ፕሪንተሩ ደግሞ ሰው ሲቸኩል ያውቃል መሰለኝ፣ ወረቀት የሚነክሰው ያኔ ነው።

የቀራት የአባቷ ኖታ ብቻ ነበር። አባቷ በኦርኬስትራው ውስጥ ትራምፔት ይነፋል። ትራምፔት ነፊ ከሚነፋበት ጊዜ ዝም ብሎ የሚቀመጥበት ይበልጣል፤ ዝም ባለበት ሁሉ ደግሞ መቁጠር አለበት። ቆጠራው እንዳይጠፋበት፣ እሱ ከመግባቱ፣ ማለትም መንፋት ከመጀመሩ በፊት ሌላው መሣሪያ የሚጫወተው ዜማ ወረቀቱ ላይ በደቃቅ ኖታ ይጻፍለታል። አይጫወተውም፤ ሲሰማው ግን ተራው መድረሱን ያውቃል። ጠቋሚ ኖታ ይሉታል። በኖታ መጻፊያው ፕሮግራም ሥራው ቀላል ነው፤ ዋሽንት መሰል ከሆነው ከፍሉቱ መስመር ትቀዳለህ፣ በትራምፔቱ ዕረፍት ላይ ትለጥፋለህ፣ ታሳንሰዋለህ፣ አናቱ ላይ «ፍሉት» ብለህ ትጽፋለህ።

አባቷ ባለፈው ኮንሰርት ተራው ካለፈ በኋላ ዘግይቶ ገብቶ ነበር። አንዴ ቢሆን ማን ያየዋል፣ ደገመው እንጂ። መሪው በጨዋ ደንብ ጥግ ወስዶ፣ «ጋሼ፣ አሁንም ከዘገዩ ወንበሩን ለሌላ ሰው ለመስጠት እገደዳለሁ» ብሎታል። እንግዲህ የአባቷ ወንበር በዚህች ገጽ ላይ ተንጠልጥሏል።

አባቷ ኮቱን ለብሶ፣ የትራምፔቱን ሣጥን ይዞ ከኋላዋ ይንጎራደዳል።

«አባዬ፣ በናትህ ቁጭ በል። እኔንም አዞርከኝ።»

«የቱን ነው የምትጽፊልኝ?»

«ፍሉቱን ነዋ። ካንተ በፊት ዜማውን የያዘው እሱ ነው።»

«ፍሉቱን ተዪው። ከበሮውን ጻፊልኝ።»

«ከበሮው እኮ እዚያ ጋ ዱም ዱም ከማለት በቀር ምንም የለውም።»

«ዱም ዱሙን ጻፊልኝ።»

«እሺ» አለችው። እሺ ማለት በዚያ ቤት ብዙ ጊዜ «ይብቃህ» ማለት ነው። አባቷ ጫማውን ሊጠርግ ሲወጣ ፍሉቱን ለጠፈች። ደንቡ ነዋ! ዜማ እያለ በከበሮ የሚጠቁም ገልባጭ መሳቂያ ነው። ሽምግልና ግትር አድርጎታል ብላ አለፈችው እንጂ ለምን ብላ አልጠየቀችም። ሳስበው ያናድደኛል፤ አንዲት «ለምን» ምን ያህል ጊዜ ትፈጃለች?

አዳራሹ ውስጥ አባቷ ገጹን ሲገልጥ አየችው። ቀና ብሎ በዓይኑ ፈለጋት፤ እሷ አንገቷን ደፋች። መሪው ዘንጉን አንሥቶ ስለነበር መነጋገሪያ ጊዜ አልነበረም።

ፍሉት ነፊዋ ጀመረች። ገልባጯ ከመጨረሻው ረድፍ ቆማ ጣቶቿን እያፍተለተለች ትቆጥራለች። ከበሮው እዚህም እዚያም ዱም ይላል፤ የትኛው ዱም ላይ እንደሚገባ ግን የአባቷ ወረቀት አይነግረውም። ዜማው አለቀ። ትራምፔት የለም። አባቷ መሣሪያውን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ወረቀቱን እያየ ይጠብቃል።

መሪው አቆመ። «ጋሼ! ፍሉቱ እኮ ተጽፎልዎታል!»

ገልባጯ ክው አለች። «የኔ ስሕተት ነው!» ብላ ጮኸች። «ቦታውን አሳስቼ ነው የለጠፍኩት!»

ውሸት ነው፤ ግን ሁሉም ሊቀበለው የተዘጋጀ ውሸት ነበር። አባቷ ትራምፔቱን ጭኑ ላይ አስቀመጠ።

«ልጄ አልተሳሳተችም» አለ። «ከበሮውን ጻፊልኝ ብያት እሷ እኔን አልሰማችም። እኔ ደግሞ ፍሉቱን አልሰማሁም። ቀጭን ድምፅ ጆሮዬ ከገባ ቆይቷል።»

መሪው ዘንጉን ዝቅ አደረገ። ሲናገር ድምፁ ለስልሷል። «ይኼን ኮንሰርት በከበሮው ይጫወቱ፣ ጋሼ። የመጨረሻዎ ይሁንና በክብር እንሸኝዎ።»

«እሺ» አለ አባቷ። የሱ እሺ የምር ነበር።

ገልባጯ የፍሉቱን በእርሳስ ሰርዛ የከበሮውን ጻፈች። ደገሙት። አባቷ ልክ በሰዓቱ፣ ጥርት ብሎ ገባ። እሷ ግን ያየችው ከዚያ በፊት ያለውን ነው፤ ፍሉቱ አዳራሹን ሲሞላው አባቷ አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው ከበሮ መቺውን ያይ ነበር።

ወደ ቤት ሲሄዱ እሱ ሣጥኑን ካንዱ እጅ ወደ ሌላው ያዛውራል። መንገድ ለመሻገር መብራት ላይ ሲቆሙ ድንገት ወደ እሷ ዞረ።

«ለመሆኑ፣ ከኔ በፊት ያለው ዜማ እንዴት ነው? ያምራል?»

ያምራል ልትለው አስባ ተወችው። ክንዱን ይዛ ወደ ጆሮው ተጠጋች፤ ያንን ቀጭን ዜማ የቻለችውን ያህል ወደ ታች አውርዳ በወፍራም ድምፅ አንጎራጎረችለት። መብራቱ ተለወጠ፤ ሰው እየገፋቸው አለፈ። ልትሻገር ስትል አባቷ እጅጌዋን ያዘ።

«ቆይ» አላት። «እስቲ እንደገና በይው።»