«ለአባባ» የሚለው ፎልደር

ጋሽ አሻግሬ ግትር ሰው ናቸው። ይህን በባቡር ሥራ ሠላሳ ዓመት አብረዋቸው የቆዩት ጡረተኞች ያውቁታል፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ ያለምወርቅ ደግሞ ከማንም በላይ ያውቁታል። ያንን ግትርነት እንዳለ የወረሰችው አንድ ልጃቸው ሩት ነበረች።

አባትና ልጅ የተጣሉት በሥራ ነው። ጋሽ አሻግሬ ደጅ ጠንተው፣ የማይለመን ለምነው በአንድ ፋብሪካ ሥራ አገኙላት። እሷ ግን «እኔ ኮምፒውተር ነው የተማርኩት፤ መዝገብ ቤት አልቀመጥም» ብላ ቀረች።

«በሰው ፊት አዋረድሽኝ! ሁለተኛ እንዳታናግሪኝ» አሏት።

አላናገረቻቸውም። ሁለት ወር ሙሉ አንድ ጣራ ሥር እየኖሩ፣ በወይዘሮ ያለምወርቅ በኩል ካልሆነ ቃል አልተለዋወጡም።

ጋሽ አሻግሬ ከምሳ በኋላ ሳሎን ባለው ኮምፒውተር ካርታ ይጫወቱ ነበር። የራሳቸውን መግቢያ ስም ያወጣችላቸው ሩት ናት፣ በደጉ ጊዜ። አንድ ማክሰኞ የቤቱ ሰው ሁሉ በሚከፍተው ቦታ ላይ አዲስ ፎልደር አዩ። «ለአባባ» ይላል። መነጽራቸውን ጠርገው ተጫኑት። «አክሰስ ኢዝ ዲናይድ» የሚል ጽሑፍ ብቅ አለ። ደግመው ተጫኑት፤ ያው ነው። ባቡር ያስተማራቸው ፈረንሳይኛ እንጂ እንግሊዝኛ ስላልሆነ መዝገበ ቃላት አወጡ። መግባት ተከልክሏል ማለት ነው።

«ስሜን ጽፋ ትከለክለኝ? በገዛ ቤቴ!»

ያን ዕለት ማታ በሩ ሲንኳኳ ቅርብ የነበሩት እሳቸው ናቸው። አልተነሡም። ወይዘሮ ያለምወርቅ እጃቸውን እየጠረጉ ከጓዳ መጥተው ከፈቱላት። ሩት እንደገባች አባቷን አየቻቸው፤ እሳቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

በሳምንቱ ልብሷን ይዛ ገላን ኮንዶሚኒየም ጓደኛዋ ዘንድ ገባች። በሦስተኛው ወር ኋላ ራሷ ካገኘችው ሥራ ስትመለስ ቃሊቲ መንገድ ላይ መኪና ገጫት። ሆስፒታል እንኳ አልደረሰችም።

ሙት ዓመቷ ሲቃረብ ጋሽ አሻግሬ ሳሪስ ኮምፒውተር የሚጠግነውን ከሊልን ቤታቸው ጠሩት። «ምን ብላ እንደቆለፈችብኝ ልወቅና ልሙት» አሉት።

ሌላው ጠጋኝ ቢሆን ገና ሳይቀመጥ ያለውን ሁሉ አጥፍቼ ፎርማት ላድርገው ይል ነበር። ከሊል ግን ተረጋግቶ የፎልደሩን ፈቃድ አየ።

«እንዲከፍት የተፈቀደለት የሩት ስም ብቻ ነው» አለ።

«አላልኩህም!»

«ይቆዩ አባቴ፣ ቆልፋብዎት አይደለም። መጀመሪያ የሠራችው በራሷ የግል ቦታ ነው፤ እዚያ ያለ ነገር ለሷ ብቻ ነው የሚከፈተው። ኋላ እርስዎ እንዲያገኙት ወደዚህ አወጣችው። ግን ኮፒ አላደረገችውም፤ ከነበረበት ቆርጣ ነው ያመጣችው። ኮፒ ብታደርገው የዚህን ቦታ ፈቃድ ይይዝ ነበር። ተቆርጦ ሲመጣ የድሮ ቁልፉን ይዞ ይመጣል። እኛም ስንት ጊዜ ተሳስተንበታል።»

«እሷ አታውቅም?»

«ከየት ታውቃለች? በስሟ ስትገባ ይከፈትላታል። ለእርስዎም የሚከፈት ነው የመሰላት።»

ጋሽ አሻግሬ ወንበሩን ጨብጠው ያዙ። ከሊል ባለቤትነቱን ከሩት ስም ወደ እሳቸው ስም አዛወረ፤ ፎልደሩ ተከፈተ። ውስጡ አንዲት ደብዳቤ ብቻ ነበረች፤ የዚያ ማክሰኞ ቀን ተጽፎባታል።

«አባባ፣ ፊት ለፊት መናገር ስላቃተኝ ነው። እማማም አታውቅም። ጥፋቱ የኔ ነው፤ የለመንካቸውን ሰዎች ራሴ ሄጄ ይቅርታ እጠይቃለሁ። አንተም ይቅር ካልከኝ ምንም እንድትለኝ አልፈልግም። ዛሬ ማታ ሳንኳኳ በሩን አንተ ክፈትልኝ። እሱ ይበቃኛል።»

ሁለቴ አነበቧት። ወይዘሮ ያለምወርቅ ከጓዳ ሆነው «ምን ትላለች?» ብለው ጠየቁ። ጋሽ አሻግሬ ጉልበታቸውን ደግፈው ተነሡ፣ ወደ በሩ ሄዱና ከፈቱት። እጀታውን እንደያዙ ቆሙ።

«ማን መጣ?» አሉ ወይዘሮ ያለምወርቅ።

«ማንም አልመጣም» አሉ ጋሽ አሻግሬ። በሩን ግን አልዘጉትም።