እስከ ሰባት ቤት

የሺሀረግ ሃሬልን የፈራችው አለቃዋ ስለሆነ አልነበረም፤ የፈራችው ጥያቄውን ነው።

«የዘመድ መዝገብ የሚይዝ ፕሮግራም እኮ ሞልቷል» አላት፣ በኢንዱስትሪው ቀጠና ባለችው ጠባብ ቢሯቸው ወንበር እየሳበ። «ስደተኞችን የሚያሰፍረው የመንግሥት ጽሕፈት ቤትም አንድ አለው። አንቺ የምትሠሪው ምን ይጨምራል?»

ምን እንደሚጨምርማ ታውቃለች። ያኛው ዘመድ የሚፈልገው በቤተሰብ ስም ነው። የኛ የሐበሻ አይሁድ ደግሞ እዚህ ሲደርስ አንዱ ወንድም በአባቱ፣ ሌላው በአያቱ ስም ተመዝግቦ ቁጭ አለ፤ ለማሽኑ ባዳ ናቸው። የሷ ግን በእናትም በአባትም እየወጣ እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራል። ከሰባት ቤት ወዲህ ከተገናኙ ጋብቻ የለም።

ጉዱ ግን፣ እሷና እጮኛዋ ሰጠው ሲተጫጩ የቆጠረላቸው ያው የጽሕፈት ቤቱ ማሽን ነበር። የሰጠው ወገን ሽማግሌዎች ወደዚህ ሲመጡ ሱዳን በረሃ ላይ አልቀዋል፣ ቆጣሪ ጠፋ፤ ማሽኑ «አይገናኙም» ሲል እልል ተባለ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚል አንድ ሰው እንኳ አልተገኘም። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው።

በቅርቡ ከአዲስ አበባ የመጡት የሰጠው አገር ሰው፣ አባ ወርቅአገኘሁ፣ የሰጠውን ትውልድ ቆጥረው ነገሯት። ፕሮግራሟ ውስጥ አስገባችው። ከራሷ ትውልድ ጋር ግን አላስተያየችውም፤ ፈራች።

«ያኛው የሳተውን አንድ ጥንድ አሳዪኝ፤ ከሌለ እንዘጋዋለን» አለ ሃሬል። «ከራስሽ እንጀምር። እጮኛሽም እዚህ ውስጥ አለ አይደል?»

የሌላ ሰው ስም ልትጠራ ስትል ቀደማት። ሃሬል ራሱ የሷንና የሰጠውን ስም ጻፈ። መጀመሪያ በጽሕፈት ቤቱ ፕሮግራም፤ አይገናኙም አለ። ቀጥሎ በሷ። «አምላኬ፣ የኔን አሳስተው» ብላ ለመነች። በገዛ ድካሟ ላይ ስትጸልይ የመጀመሪያዋ ነው።

በአምስተኛው ቤት ይገናኛሉ።

ሃሬል ጠረጴዛውን መታ። «በቃ ገባኝ፤ ቀጥዪበት» ብሎ ደስ እያለው ወጣ። በነሱ፣ በፈረንጆቹ አይሁድ ሕግ የአጎት ልጅ እንኳ ይጋባል፤ አምስት ቤት ምን እንደሆነ ከየት ይወቀው።

ሰጠው ከፋብሪካ ወጥቶ በሩ ላይ ቆሟል። «ፈቀደልሽ?» አላት እየሳቀ።

«ፈቀደልኝ» አለችው። ተነሥታ ወንበሯን ለቀቀችለት። «ና፣ ቁጭ በልና አንተው አንብበው። እኔስ አፌ አልታዘዝ አለኝ።»