የታማኪ ጫማ ጫፍ

የግራ ጆሮዬ የሞተው ትንሽ ልጅ ሳለሁ ነው። ጆሮ ደግፍ ያዘኝ፤ ትኩሳቱ ሲለቀኝ ጆሮዬንም ይዞት ሄደ። ይህን መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ዓሣ ሻጯ እንኳ "ሚቺሩ፣ በደህናው በኩል ዙሪልኝ" ብላ ነው የምታዋራኝ። አላፍርበትም። አንድ ጆሮ ያለው ሰው የሰፈሩን ሐሜት ግማሹን ብቻ ይሰማል፤ ለኛ መንደር ግማሹም ይበዛል።

የሚያስፈራኝ ቀኙ ነው።

በመንደራችን በየምሰሶው ላይ ድምፅ ማጉያ ተሰቅሏል። ሁልጊዜ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን አጭር ዜማ ያሰማል። ሕፃናት ጨዋታቸውን ትተው ወደ ቤት ይገባሉ፤ እናቶች ባሕሩ ዳር ያሰጡትን የሚበላ የባሕር ቅጠል ይሰበስባሉ። እኔና ታማኪ ደግሞ ባሕሩን በሚከልለው ግንብ ደረጃ ላይ ተቀምጠን፣ ዜማው እስኪያልቅ እጅ ለእጅ እንያያዛለን። ከዚያ በላይ አንደፍርም፤ መንደሩ ትንሽ ነው፣ ዓይኑ ግን ብዙ ነው። ታማኪ የክፍሌ ልጅ ናት፤ ቁመቷ ረጅም፣ ምላሷም እንደዚያው። በረዶ በጣለ ሰሞን ከመንደሩ ዓሣ ማቀዝቀዣ ቤት ጀርባ ወስዳ በቀኝ ጆሮዬ "እወድሻለሁ" ያለችኝ እሷ ናት። "በግራው ብነግርሽ አልሰማሁም ብለሽ ታመልጪኛለሽ" አለችኝ ቀጥላ። ጉንጯ ቀልቶ ነበር።

ባለፈው ሳምንት አንድ ቀን፣ እንደ ልማዳችን ተቀምጠን ሳለ፣ ታማኪ እጄን ለቀቀችና ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈች።

"የት ልትሄጂ ነው?" አልኳት። "ገና አልተሰማም እኮ።"

"አሁን አለቀ" አለች።

ሳቅኩ። የቀለድኩ ለመምሰል ነው እንጂ ዜማውን ጨርሶ አልሰማሁትም። ባሕሩ ሲነሣ "ወደ ኮረብታው ሩጡ" የሚለው ያው ድምፅ ማጉያ ነው። ግንቡም የተሠራው እኛ ጨቅላ ሳለን ባሕሩ መጥቶ ብዙ ሰው ከወሰደ በኋላ ነው፤ ከተወሰዱት አንዱ የታማኪ አያት ናቸው። የአሥራ አንድ ሰዓቱን ያልሰማች ልጅ ሌላውንም አትሰማም። ይህን ለማወቅ ሐኪም አያስፈልገኝም። ፊት ለፊቴ የሚያወራን ሰው ከንፈሩን አይቼ እረዳዋለሁ፤ ድምፅ ማጉያ ግን ከንፈር የለውም።

ለእናቴ አልነገርኳትም። የእናቴ ቃል አንድ ነው፤ "ቀኙ አንዲት ቀን ቢያስቸግርሽ ጓዛችንን ጠቅልለን ሴንዳይ ከተማ አክስትሽ ዘንድ ነው የምንገባው" ትላለች። እዚያ ትልቅ ሆስፒታል አለ፤ መስማት የተሳናቸው ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤትም አለ። ታማኪ ግን የለችም። ከጆሮዬና ከታማኪ አንዱን ማጣት ካለብኝ ጆሮዬ ይቅር አልኩ። ሞኝነት ነው ትሉኝ ይሆናል። ወዶ የማያውቅ ይፍረድብኝ።

ችግሩ፣ አዲሱ የትምህርት ዓመት ሲከፈት ምርመራ አለ፤ ቁመት፣ ክብደት፣ ዓይን፣ ጆሮ። ለጆሮው ነርሷ ክፍል ገብተሽ ማዳመጫ ታጠልቂያለሽ፤ ድምፅ በሰማሽ ቁጥር እጅሽ ላይ ያለውን ቁልፍ ትጫኛለሽ። ከየክፍሉ አንድ የጤና ተጠሪ ተመርጦ ነርሷን ያግዛል። የኛ ክፍል ተጠሪ ታማኪ ናት። እግዜር የሰጠኝ መስሎኝ ነበር።

"ድምፁ ሲለቀቅ ማሽኑ ላይ ትንሽ መብራት ይበራል" አልኳት ግንቡ ላይ። "አንቺ ነርሷ አጠገብ ትቆሚያለሽ። መብራቱ ሲበራ የጫማሽን ጫፍ ከፍ አድርጊ። እኔ አንገቴን ደፍቼ መሬት መሬቱን አያለሁ።"

"አንገት መድፋት? አንቺ?" አለች። "ነርሷ ያኔ ነው የምር ታማለች የምትለው።"

"ታማኪ።"

"እሺ ሰማሁ።"

"ታደርጊልኛለሽ?"

ፊቷን ወደ ባሕሩ አዞረች፤ እዚያ ሆና የሆነ ነገር ብላ ከሆነም አልሰማሁትም። ከዚያ ተመለሰችና "አደርግልሻለሁ" አለች።

ተለማመድን። ቁልፍ ስላልነበረን መዳፏን ሰጠችኝ፤ የጫማዋን ጫፍ ስታነሣ በአውራ ጣቴ መዳፏን እጫናለሁ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ታሾፍብኝ ነበር። ያን ቀን አላሾፈችም።

ወደ ቤት ስንመለስ እኔ ትንሽ ቀደም ብዬ እሄድ ነበር። በድንገት የቦርሳዬን ማንገቻ ይዛ ወደ ኋላ ጎተተችኝና ተንገዳገድኩ። የዓሣ መኪና ክንዴን ሊነካኝ ምንም ሳይቀረው አለፈ። ታማኪ ማንገቻዬን አሁንም አልለቀቀችም።

"ምን ሆነሻል?" አልኳት።

"መኪና ነው" አለች።

በምርመራው ዋዜማ ሌሊቱን ሙሉ ሳይነጋ በቀረ ብዬ አደርኩ። ተራዬ ሲደርስ ከኋላዬ የነበረችው ልጅ ናት ገፍታ ያስገባችኝ። ወይዘሮ ኦኩዴራ፣ ነርሷ፣ ማዳመጫውን ራሷ አጠለቀችልኝ።

"ግራሽን ስለምናውቀው እንለፈው" አለችኝ። "ቀኙን ብቻ ነው። አይዞሽ፣ የሚያም ነገር የለውም።"

ታማኪ ከጎኗ ቆማለች። የክፍል ውስጥ ነጭ ጫማ አድርጋለች፤ ጫፉ ቀይ ነው። አንገቴን ደፋሁ።

ቀዩ ጫፍ ከፍ አለ፤ ተጫንኩ። እንደገና ከፍ አለ፤ ተጫንኩ። ነርሷ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። አለፍን፣ አልኩ በልቤ፤ ዛሬ ማታ ለታማኪ የምትወደውን የባቄላ ኬክ እገዛላታለሁ ብዬም አሰብኩ።

ከዚያ ጫማው ቆመ።

ነርሷ ገና አልለቀቀችው ይሆናል ብዬ ጠበቅኩ። ማዳመጫው ውስጥ ምንም የለም። ባዶ ቤት ገብቶ በር እንደመዝጋት ነው። ጫማው አልተነቃነቀም። ምናልባት ረስታ ይሆናል። ምናልባት መብራቱ ተበላሽቶ ይሆናል። ዓይኔን ከጫማዋ ወደ ጉልበቷ፣ ከጉልበቷ ወደ ፊቷ አነሣሁ። ታማኪ በቀጥታ እያየችኝ ነው። ዓይኗ እንባ ሞልቷል። እግሮቿን ገጥማ እንደ ወታደር ቆማለች።

ያኔ ገባኝ። ረስታ አይደለም። ምንም ሳልሰማ፣ ምንም ሳላይ፣ ቁልፉን ተጫንኩ። ደግሜ ተጫንኩ።

ነርሷ ቀና አለች። ማዳመጫውን ቀስ አድርጋ አወለቀችልኝ።

"ሚቺሩ፣ አሁን እኮ ምንም አልለቀቅኩም" አለች። "ስለቅልሽ ደግሞ ዝም አልሽኝ።"

"ወይዘሮ ኦኩዴራ" አለች ታማኪ። "ከመጀመሪያውም ስትሰማ አልነበረም። በጫማዬ የምነግራት እኔ ነበርኩ።"

ነርሷ አልተቆጣችንም። እናቴ ጋ ደወለች። ቶሎ ከተያዘ መድኃኒት ሊረዳው ይችል ይሆናል፣ ዛሬ ነገ ማለት ግን አይገባም አለቻት። እናቴም አልተቆጣችኝም፤ ቤት ስገባ ሻንጣ አውጥታ ልብሴን እያጠፈች ነበር። ብትጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር። ነገ በመጀመሪያው ባቡር ሴንዳይ፣ አለች።

ወጥቼ ወደ ግንቡ ሄድኩ። ታማኪ መጣችና በቀኜ ተቀመጠች።

"ሸጥሽኝ" አልኳት።

"አዎ።"

"ቃል ገብተሽልኝ ነበር።"

"አዎ።" ከንፈሯን እንዳየው ወደኔ ዞረች። "የዛን ለት መኪናው ጡሩምባ ነፋ። ደጋግሞ ነፋ። እኔም በስምሽ ጠራሁሽ፤ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጠራሁሽ፣ ሚቺሩ። አንቺ ዝም ብለሽ ትሄጃለሽ።" እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። "አያቴ ጆሯቸው ከባድ ነበር። ባሕሩ የመጣ ቀን አጠገባቸው ሰው አልነበረም።"

ስለ አያቷ ጆሮ ነግራኝ አታውቅም ነበር።

"ሴንዳይ ስገባ አንቺም አጠገቤ አትኖሪም" አልኳት መጨረሻ ላይ።

"በባቡር እመጣለሁ። እዛ ያሉት ልጆች በእጃቸው ነው አሉ የሚያወሩት። ተማሪና አስተምሪኝ። ሰው ፊት ቁጭ ብለን ሰው እናማለን።" ልታስቀኝ ነው የሞከረችው፤ ፊቷ ግን አላገዛትም።

"ፈርቻለሁ፣ ታማኪ።"

"እኔም" አለች። "በጣም።"

ፀሐይዋ ከበስተጀርባችን ካለው ኮረብታ ኋላ ጠለቀች። ታች ያሉት ሴቶች የባሕር ቅጠሉን መሰብሰብ ጀመሩ። ምሰሶው ላይ ያለውን ድምፅ ማጉያ ቀና ብዬ አየሁት። ግራጫ ነው፤ እንደ ወትሮው አፉን ከፍቷል። ዜማው ጀምሮ እንደሆነ ልጠይቃት አልፈለግኩም። ንፋስ እንኳ አይሰማኝም ነበር።

ታማኪ እጇን እጄ ውስጥ ከተተች። ከዚያ ደረጃው ላይ የጫማዋ ጫፍ ከፍ አለ። ወረደ። እንደገና ከፍ አለ።

በአውራ ጣቴ መዳፏን ተጫንኩ። ዜማው እስኪያልቅ ድረስ እሷ ጫማዋን ታነሣለች፣ እኔ እጫናለሁ።