አርባ መኪና የጠበቀው ቤዝመንት

ከአዲስ አበባ እስከ ደሴ ባለው መንገድ ላይ ከእኛ ሕንፃ የሚበልጥ ሕንፃ የለም። አለ የሚል ይምጣና ያሳየኝ። ፎቁ አራት ነው፤ ጣሪያው ላይ የተቀመጠውን የውኃ ታንከር ጨምሬ ግን እኔ አምስት እለዋለሁ። ፊቱ ከላይ እስከ ታች መስታወት ነው። ፀሐይ ሲያርፍበት ደብረ ሲና ዳገት ላይ ያሉ ሰዎች ብልጭታውን አይተው ሰዓታቸውን ያስተካክላሉ ይባላል። የሚለው እኔ ነኝ፤ ቢሆንም ይባላል።

በወረቀት ላይ ስሙ «የይፋት ዕንቁ የገበያ ማዕከል» ነው። ሸዋ ሮቢት ውስጥ ግን እንዲህ ብሎ የሚጠራው የለም፤ ሁሉም «ሞሉ» ነው የሚለው። እኔ ሚልኪያስ እባላለሁ፤ የሞሉ ሥራ አስኪያጅ ነኝ። ጥበቃውም፣ ጽዳቱም፣ ቧንቧ ጠጋኙም እኔው ስለሆንኩ ሦስት ሠራተኛ አስተዳድራለሁ ብል ውሸት አይሆንም።

ያሠሩት ሐጂ አብዱልሰመድ ናቸው። የዚሁ አገር ልጅ ናቸው፤ በማሾና በሽንኩርት ንግድ ተነሥተው አዲስ አበባ ገብተው የከበሩ። ከስድስት ዓመት በፊት «ለተወለድኩበት ከተማ ያልታየ ነገር ላሳይ» ብለው አቆሙት። ያልታየ ነገርም አሳዩ፤ ከምድር ወደ አንደኛ ፎቅ የሚሄድ ደረጃ አስገቡ። ሰው ቆሞ ደረጃው ነው የሚሄደው። በምርቃቱ ቀን አሥራ አንድ ደቂቃ ሄዶ ቆመ። በዚያች አሥራ አንድ ደቂቃ ሠላሳ ሺህ ሰው ወጥቶበታል። ከተማው ውስጥ ያን ያህል ሰው አለ ወይ ብለው የሚከራከሩኝ አሉ፤ ሁለት ሦስት ጊዜ የወጣ እንዳለ ይረሳሉ።

ያን ጊዜ ስድሳው ሱቅ በሙሉ ተከራይ ነበረው። ከማጀቴ የመጣ ነበር፣ ከደብረ ሲና የወረደ ነበር። ጫማ፣ ሞባይል፣ ሽቶ፣ የሕፃናት ልብስ፣ ያልነበረ ነገር አልነበረም።

ያጠፋን መስታወቱ ነው። መስታወቱ የተቀዳው ከአዲስ አበባ ነው፤ እዚያ ሰው ፀሐይ ፍለጋ መስኮት ሥር ይቀመጣል። እኛ ቆላ ላይ ያንኑ አምጥተን ገተርነው። ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ላይ አንደኛ ፎቅ ሳሙና ይለሰልሳል። ሱሌይማን የሚባል ጫማ ነጋዴ ነበረን፤ የደረደረው ጫማ ሶል እየለቀቀ ወለሉ ላይ ይቀር ነበር፤ ገዢ ሳይመጣ ጫማው ራሱ እየተራመደ ወጣ ብዬ አስወርቻለሁ። ደግሞም የከተማችን ሰው የሚገበያየው ማለዳና ወደ ማታ ነው። ከስድስት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ከተማው ጥላ ፈልጎ ይተኛል። አየሩ ሲቀዘቅዝ ደግሞ መንገድ ዳር በረንዳ ላይ ሁሉ ነገር ተዘርግቶ እያለ ደረጃ የሚወጣ ማን ነው? ነጋዴው አንድ በአንድ ዕቃውን ጠቅልሎ ወደ በረንዳ ወረደ። ከስድሳው ሱቅ የቀረችው ነኢማ ብቻ ነበረች።

ነኢማን ያመጣኋት እኔ ነኝ። ማጀቴ ገበያ ከእህቷ ጋር ልብስ ትሸጥ ነበር። አንድ ቀን ለዘመድ ሠርግ ሄጄ አገኘኋትና እኛ ዘንድ ሙሽሮች ተሰልፈው ነው ቬሎ የሚጠብቁት፣ የምትሸጥላቸው ሰው ነው ያጣነው አልኳት። ማጀቴ ያለውን ሱቅ ለእህቷ ለቃ መጣች። ቬሎ፣ ሺቲ፣ ሂጃብ፣ የሕፃናት ነጭ ልብስ ይዛ አንደኛ ፎቅ ላይ ተቀመጠች። ሰልፉን ጠብቃ ጠብቃ አንድም ቀን የት አለ ብላ አልጠየቀችኝም። ብትጠይቀኝ ይሻለኝ ነበር። እንደ ሌሎቹ ወደ በረንዳ እንዳትወርድ ደግሞ ዕቃዋ ነጭ ነው፤ የደሴ መንገድ ከባድ መኪና አቧራ አንድ ቬሎ በግማሽ ቀን ቡኒ ያደርገዋል።

ሐጂ አብዱልሰመድ ሐሙስ ሐሙስ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ይደውላሉ። «ዛሬ ስንት ሰው ገባ?» ይሉኛል። ድምፃቸው ውስጥ አንድ ልጅ ያስፈተነ አባት አለ። ሦስት ሰው ገባ ብዬ ለእኚህ ሽማግሌ እንዴት ልንገራቸው? አምስት መቶ እላለሁ። በበዓል ሰሞን ስምንት መቶ አደርሰዋለሁ። እሳቸው «አልሐምዱ ሊላህ» ይላሉ፤ እኔም ስልኩን ዘግቼ ለራሴ ደስ ይለኛል።

አንድ ሐሙስ ሌላ ነገር ይዘው ደወሉ። የማሾ ነጋዴ ሕንፃውን በሙሉ ለመጋዘን ጠይቋቸዋል። እሺ ሊሉት ነበር፤ ነገር ግን እኔ ሰው ሞልቷል ስለምላቸው ቅዳሜ መጥተው በዓይናቸው ሊያዩ ወሰኑ። ሰው ካለበት አይነኩትም። ባዶ ከሆነ ግን ያለው ተከራይ እስከ ወሩ መጨረሻ ይወጣል።

ያለው ተከራይ ማለት ነኢማ ናት። ጠዋት ሄጄ ነገርኳት። ሺቲ እያጣጠፈች ነበር፤ አጣጥፋ ጨረሰች። ከዚያ ቀና ብላ እንዲህ አለችኝ፦

«ጋሼ ሚልኪያስ፣ ይህን ሁሉ ሰው እስካሁን በአፍዎ ሲያመጡት ነበር። ቅዳሜ በእግሩ ያምጡልኝ።»

ሌላ ሰው ቢሆን ይደነግጣል። እኔ ወዲያው ወርጄ ኢልያስን ፈለግሁት። ኢልያስ ባጃጅ ነጂ ነው፤ ለእሱ አንድ ነገር መንገር በሬዲዮ ከማስነገር ይበልጣል። ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ የሞሉ ደረጃ ይሄዳል አልኩት። እውነት ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ጀርመን መሐንዲስ መጥቶ ጠግኖታል አልኩት። እውነቱን ለመናገር በቁልፍ አስነሥቼ ሞክሬው ነበር፤ አቃስቶ አንድ ስንዝር ሄዷል። ስንዝር የሄደ ደረጃ የቀረውን አይሄድም የሚል ማስረጃ የለም።

ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ስድስት ሺህ ሰው በሩ ላይ ቆሟል። ኢልያስ ሁለት መቶ ነው ይላል፤ እሱ የቆጠረው በባጃጅ የመጣውን ብቻ ነው። የገበያ ቀን ስለነበር ገበሬው ከነ ሽንኩርት ጆንያው፣ ሴቶቹ ከነ ዘንቢላቸው መጥተዋል። ነኢማ አዲስ ሻሽ አስራ በሯ ላይ ቆማ አየኋት። አራት ሰዓት ሲሆን ለሐጂ ደወልኩ። ጣርማ በር ላይ ጉም ወርዶ አንድ ከባድ መኪና መንገድ ዘግቷል፤ ቆመዋል። ሰዉን አስገብቼ ደረጃውን ግን እሳቸው እስኪደርሱ ላቆየው አልኩ። አራት ሰዓት ከሩብ ላይ መብራት ጠፋ።

ሰዉ አልተቆጣም። መብራት ሲጠፋ መጠበቅ የለመድነው ነው። ነገር ግን አምስት ሰዓት ሲሆን መስታወቱ ሥራውን ጀመረ። ውስጥ ያለው አየር እንደ ዳቦ ቤት ሆነ። እኔ ሐጂ ቶሎ ቢደርሱ ብዬ አራተኛ ፎቅ ወጥቼ ነጭ መኪናቸውን መጠበቅ ያዝኩ። ስድስት ሰዓት ድረስ ላቤ ጫማዬ ውስጥ እስኪገባ ቆሜ አየሁ። ሲያቅተኝ ወረድኩ።

ምድር ላይ አንድም ሰው የለም። ደረጃው ላይ ተቀምጠው የነበሩት የሉም። አንደኛ ፎቅ ወጣሁ፤ የነኢማ በር ተቆልፏል። በመስታወቱ አሻግሬ ባይ መስቀያው ባዶ ነው። አንድም ልብስ አላስቀረችም። ጠቅልላ ሄደች ማለት ነው ብዬ፣ በማይሄደው ደረጃ ላይ ቁጭ አልኩ። ማጀቴ ሱቋን ስታስረክብ እህቷ እንዴት እንዳቀፈቻት ትዝ አለኝ። እኔም ቆሜ እያየሁ ነበር፤ ሳጨበጭብም ነበር።

ሐጂ የደረሱት ሰባት ሰዓት ላይ ነው። ነጭ ጀለቢያቸውን ሰብስበው ገቡ፣ ቆሙ፣ ቀና ብለው አራቱንም ፎቅ ተራ በተራ አዩ። አንድ እርግብ ብቻ ነበር።

«ሰዉ የት አለ፣ ሚልኪያስ?»

ስድስት ሺህ ነበሩ፣ አሁን ወጡ ልል አፌን ከፈትኩ። እንዲያውም ነበሩ፤ እውነትም ነበሩ። ግን አፌ የተናገረው ሌላ ነው።

«የለም፣ ሐጂ። ነኢማ ብቻ ነበረች፤ እሷም ዛሬ ሄዳለች። ስነግርዎት የነበረው ሁሉ ከአፌ የወጣ ነው።»

ሽማግሌው አልተቆጡም። እንዲያውም አጠገቤ ደረጃው ላይ ተቀመጡ።

«አውቃለሁ እኮ» አሉኝ። «አንተ የምትለውን እኔ ለመቶ እያካፈልኩ ነው የምሰማው። አምስት መቶ ስትለኝ አምስት ሰው ገብቷል እላለሁ። አምስት ሰው ይገባ አልነበረም?»

«ሦስት።»

«ሦስት» አሉ። ያን ያህል ዓመት ከነገርኳቸው ቁጥር ሁሉ የከበዳቸው ይህ ይመስለኛል።

የዙሁር ሶላት አልሰገዱም ነበርና ለውዱ የሚታጠቡበት ውኃ ጠየቁኝ። የላይኞቹ ቧንቧዎች ደርቀዋል፤ ውኃ ያለው ከመሬት በታች ባለው ቤዝመንት ነው፣ መኪና እንዲታጠብበት የተሠራው ቧንቧ ላይ። ቤዝመንቱ ለአርባ መኪና ነው የተቆፈረው፤ ቦታው በነጭ ቀለም ተሰምሮ ቁጥር ተጽፎበታል። ሰው ባጃጅ በሚሳፈርበት ከተማ እስካሁን እዚያ የቆመው መኪና የሐጂ የራሳቸው ብቻ ነው፣ እሱም የምርቃቱ ቀን። ከዚያ ወዲህ ለቧንቧ ካልሆነ ወርጄ አላውቅም።

እጃቸውን ይዤ በመኪና መውረጃው ወረድን። ግማሽ ላይ ስንደርስ ቀዝቃዛ አየር ፊታችንን መታን። ትንሽ ወረድ ስንል የሰው ድምፅ ሰማን።

የጠፋው ሰው በሙሉ እዚያ ነበር። ገበሬዎቹ ጆንያቸውን ተደግፈዋል። የባጃጅ ነጂዎች ካርቶን አንጥፈው ጋደም ብለዋል። ወዲያ ጥግ ሽማግሌዎች ሰግደው እየተነሡ ነበር። መሀል ላይ ነኢማ ከዓምድ ዓምድ ገመድ ወጥራ ቬሎውን፣ ሺቲውን፣ ነጩን ሁሉ ሰቅላዋለች፤ ሴቶች የስልክ መብራት እያበሩ ጨርቁን ይዳስሳሉ። አንዲት እናት ልጇን ገመዱ ሥር አቁማ ትለካታለች።

ያወረደቻቸው እማማ አሪፋ ናት። በራችን ላይ ፓፓያና ሎሚ የምትሸጥ ባልቴት ናት። ሙቀቱ ሲበረታ ዘንቢሏን አንሥታ ስትወርድ ኢልያስ ወዴት ነው ብሎ ጠየቃት አሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ ፓፓያዋን የምታሳድረው እዚያ እንደሆነ ነገረችው፤ እሱ ተከተላት፣ ሌላው እሱን ተከተለ። ነኢማ ደግሞ ገዢው ሲወርድ ዕቃዋን ተሸክማ ወረደች። ለእኔ መንገር ማንም አላሰበም። ሥራ አስኪያጁ እኔ ነኝ፣ በሕንፃው ውስጥ የሆነውን ሁሉ አውቃለሁ ብዬ ስናገር ስለኖርኩ ይሆናል።

ሐጂ አንዱን ዓምድ በመዳፋቸው ነክተው ቆዩ። ቅዝቃዜውን የሚያደምጡ ይመስሉ ነበር።

«ይህን ያስቆፈርኩት ለመኪና ነበር» አሉ።

እማማ አሪፋ ከተቀመጠችበት ሳትነሣ መለሰችላቸው።

«መኪና ምን ይሞቀዋል፣ ሐጂ። የሚሞቀን እኛን ነው።»

ዞረው አዩኝ። «ይህንንስ ለስንት ላካፍለው?»

«ይህን ራስዎ ይቁጠሩት» አልኩ። በሕይወቴ ቁጥር ሳልናገር የቀረሁበት ቀን ያ ብቻ ነው።

ነኢማ እኔን አላየችኝም ነበር። አንድ ቬሎ በላስቲክ ጠቅልላ ለአንዲት ሙሽራ አክስት አስረከበችና ቀና ስትል ዓይናችን ገጠመ። ወደ ሰዉ በአገጯ አመለከተችኝና ሌላዋን ገዢ ማስተናገድ ቀጠለች።

ከዚያ ወዲህ ይሄውና ስምንት ወር ሆነ። አራቱን ፎቅ የማሾ ነጋዴው ወስዶታል። መስታወቱ ማሾውን አድርቆ ነቀዝ የሚባል እንዳይጠጋው ስላደረገ፣ ከውጭ አገር ሁሉ መጥተው አሠራሩን ይጠይቁኛል። ሞል የሚባለው ነገር በዚያው አበቃ፤ ታፔላው ግን አልወረደም፣ መሰላሉ አይደርስም። ቤዝመንቱ ከአምስት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ተኩል ይከፈታል፤ ከተማው የሚተኛበት ሰዓት ማለት ነው። ሰው ለመቀዝቀዝ ይወርዳል፣ ሲቀዘቅዝ ይገዛል። ሱሌይማንም ጫማውን ይዞ ተመልሷል፤ ቁጥር ስድስት ላይ ነው። ነኢማ አሥራ ሰባትን፣ አሥራ ስምንትንና አሥራ ዘጠኝን ይዛለች። የሦስት መኪና ቦታ ነው፤ እንደ እሷ ያለ ሱቅ ደሴም የለ።

ሐጂ አሁንም ሐሙስ ሐሙስ ይደውላሉ። የቆጠርኩትን እነግራቸዋለሁ። እያካፈሉ እንደሚሰሙኝ አውቃለሁ፣ አያመኝም። ስለዚህ ትንሽ ጨምሬ መናገሩን ቀጥያለሁ፣ እንዳይጎድልባቸው።

ደረጃው አልሄደም። የማሾ ተሸካሚዎች ጆንያ እየያዙ በእግራቸው ይወጡበታል። መቼ ነው የሚሄደው ብለው የሚጠይቁኝ ግን አሁንም አሉ። ቅዳሜ እላቸዋለሁ። እንደማይሄድ ያውቃሉ፤ ቅዳሜ መጥተው አንዴ ያዩትና ወደ ታች ይወርዳሉ።